በዩታ ገደል ውስጥ ያደርኩባት የሩፋኤል ሌሊት

ይህን ምስክርነት የምጽፈው ለእግዚአብሔር ክብር ነው። እንድናገር ቃል ገብቻለሁ፤ እስካሁን የዘገየሁት ስጀምረው እንባ ስለሚቀድመኝ ነው።

ከዚያ ሌሊት በፊት እግዚአብሔርን አኩርፌው ነበር። እናቴ ጉለሌ ስታርፍ እኔ ላስ ቬጋስ ነበርኩ። የግሪን ካርድ ጉዳዬ በሂደት ላይ ስለነበር የጉዞ ፈቃድ ሳልይዝ ከአገር ብወጣ ማመልከቻዬ እንደተተወ ይቆጠራል። መርዶውን ጎህ ሳይቀድ መጥተው ነገሩኝ። ቀብሯን በስልክ ነው የተከታተልኩት። ኔትወርኩ ተቆራርጦ አፈሩ ሲመለስ እንኳ አላየሁም። ያን ቀን ኩሽና ውስጥ ቆሜ፣ ጮክ ብዬ፣ «ሦስት ቀን ብትሰጠኝ ምን ይጎድልብህ ነበር?» አልኩት። እናቴ የሰጠችኝን የቅዱስ ሩፋኤልን ሥዕል ከግድግዳ አውርጄ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ቤተ ክርስቲያን መሄዱንም ጸሎቱንም ተውኩ። «እግዚአብሔር ያጽናሽ» የሚለኝ ሰው ሲመጣ ፊቴን አዞር ነበር።

የምሠራው ሆቴል ውስጥ ነው፣ ክፍል ጽዳት። አብራኝ የምትሠራ አንዲት ፊሊፒናዊት አለች፤ እንደ እህት ነው የምታየኝ። ለልጇ ልደት ከባለቤቷና ከልጁ ጋር ካንየኒንግ ለመሄድ ከፍለው ተመዝግበው ነበር። ልጁ ዐሥራ አራት ዓመት ሊሞላው ነበር። ፈረቃዋ ተቀየረባትና ቦታዋን ለእኔ ሰጠችኝ። «ተከፍሏል፣ ሂጂ፤ ከዚያ ቤት ውጪና ፀሐይ ይንካሽ» አለችኝ። እግዚአብሔር ይስጣት። ካንየኒንግ የሚባለውን ስሙንም ሰምቼው አላውቅም ነበር።

ለማታውቁት ልንገራችሁ። ውሃ ለብዙ ዘመን እየቦረቦረ የሠራው ጠባብ ሸለቆ አለ። ከላይ ትገቡና ከታች ትወጣላችሁ። በእግር ይኬዳል፤ ውሃ ያቆረበት ጋ ይዋኛል፤ ገደል ሲያጋጥም በገመድ ይወረዳል። እኛ የሄድነው ወደ ደቡብ ዩታ፣ ወደ ዛየን ብሔራዊ ፓርክ አካባቢ ነው። ፓርኩ ውስጥ በክፍያ ሰው እየመሩ በገመድ ማስወረድ ስለማይፈቀድ አስጎብኚዎቹ ሰው የሚወስዱት ከፓርኩ ውጪ ወዳሉት ሸለቆዎች ነው።

አስጎብኚያችን ጠዋት ልብሱን ሲያከፋፍል ምንም አልደበቀንም። በዚያ አገር ከሐምሌ አጋማሽ እስከ መስከረም መጀመሪያ ድንገተኛ ዝናብ አለ። ድንጋዩ ውሃ ቶሎ አይመጥጥም። ራሳችሁ ላይ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ሩቅ የዘነበው ዝናብ በሸለቆው ሊመጣባችሁ ይችላል። በ2015 ሴፕቴምበር 14 ዛየን ውስጥ፣ ኪሆል በሚባል ጠባብ ሸለቆ፣ ሰባት ሰዎች በአንድ ጎርፍ መሞታቸውን ነገረን። የዕለቱን ትንበያ አይቶ ነበር፤ ዝናብ የመዝነቡ ዕድል ዝቅተኛ ነው ይላል። እኔ ፈራሁ። ልጁ ግን ሄልሜቱን አጥብቆ ጨርሶ «እንሂድ፣ እንሂድ» ይላል።

ስድስት ነበርን፤ አስጎብኚው፣ አባትና ልጅ፣ አንድ ወጣት ባልና ሚስት፣ እኔ። ወፍራም የጎማ ልብስ ለበስን። ወገባችንና ጭናችን ላይ መታጠቂያ አሰርን። ገመዱ ስምንት ቁጥር በሚመስል ብረት ውስጥ ያልፍና መታጠቂያችሁ ላይ ይያዛል፤ ፍሬኑ የገዛ ቀኝ እጃችሁ ነው። ከባዱ ነገር መውረዱ አይደለም። ጀርባን ለገደሉ ሰጥቶ ወደ ኋላ መተኛቱ ነው። ሰውነት እምቢ ይላል። የመጀመሪያውን ገደል እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም፤ ታች ደርሼ ግን ሳቅኩ። ከእናቴ ሞት በኋላ እንደዚያ ስቄ አላውቅም።

የመጨረሻው ሰው ከወረደ በኋላ አስጎብኚው ገመዱን ከታች ስቦ አወረደው። ከዚያ ወዲያ መመለስ የለም፣ መውጫው በታች ብቻ ነው።

ወደ ውስጥ በገባን ቁጥር ግድግዳው ጠበበ። ሁለት እጄን ስዘረጋ ቀዩን ድንጋይ ግራና ቀኝ እነካው ነበር። ሰማዩ ከላይ እንደ ነጠላ ጥለት ቀጥኗል። ደስ ይል ነበር፤ እውነቴን ነው።

ከቀትር በኋላ ይመስለኛል። እስከ ወገባችን ውሃ ውስጥ ነበርን። አስጎብኚው ድንገት ቆመና እጁን አነሣ። ውሃው ላይ የጥድ ቅጠልና ስንጥር እየተንሳፈፈ መጣ። ጥርት ያለው ውሃ ደፈረሰ። ነፋስ መጣ፤ ጭቃ ጭቃ የሚሸት ነፋስ፣ ከኋላችን። «ላይ! አሁን!» ብሎ ጮኸ። ከጎናችን ከሰው ቁመት ሁለት እጥፍ ከፍ ብሎ አንድ ደረጃ የመሰለ ድንጋይ ወጣ ብሏል። ጉልበቱንና ትከሻውን መወጣጫ አድርጎ አንድ በአንድ አወጣን። አባትየው ልጁን ሲገፋ ተንሸራቶ ትከሻው ወለቀ። እሱንም ጎትተን አወጣነው። አስጎብኚው የወጣው መጨረሻ ነው። እግዚአብሔር ዕድሜውን ያርዝምለት፣ ቤቱን ይባርክለት።

ጎርፉ መጣ። መጀመሪያ አረፋና እንጨት፣ ከዚያ ቡናማ ውሃ፣ ከዚያ ግንድ። ውሃው ውስጥ ድንጋይ ከድንጋይ ሲጋጭ ይሰማል፤ የተቀመጥንበት ድንጋይ ይንቀጠቀጣል። እኔ «እማዬ!» ብዬ ጮህኩ። ወዲያው እሷ በየማለዳው የምትደግመው ዳዊት በአፌ መጣ። «አቤቱ፥ ውኃ እስከ ነፍሴ ደርሶብኛልና አድነኝ።» መዝሙር 68። እኔ አልፈለግኩትም። ከኩርፊያዬ ጋር እያለሁ ራሱ መጣ።

ውሃው ከእግራችን በታች ክንድ ያህል ሲቀረው ቆመ። ግን አልጎደለም። መሸ።

አስጎብኚው በሳተላይት መልእክት የምትልክ ትንሽ መሣሪያ ነበረችው፤ ከዚያ ጠባብ ቦታ ግን መልእክቷ አልወጣም። «በሰዓታችን ካልተመለስን ቢሮው ለሸሪፍ ይደውላል፤ ማታ ግን ማንም ሊገባ አይችልም። የሚጠበቅብን ሳንበርድ ማደር ነው» አለን። ሁለት የሚያብለጨልጩ የአደጋ ጊዜ ብርድ ልብሶች፣ ትንሽ ከረሜላና አንድ የራስ ባትሪ ነበረን። የበረሃ ሌሊት እንዲህ ይበርዳል ብዬ አስቤ አላውቅም። የጎማው ልብስ እርጥብ ነው። ጥርሳችን ይንገጫገጫል።

አባትየው በአንድ እጁ ብቻ ስለቀረ ልጁን እኔ አቀፍኩት። ጀርባውን ደረቴ ላይ አድርጌ፣ ብርድ ልብሱን በሁለታችን ላይ ጠቅልዬ። መንቀጥቀጡ ወደ ሆዴ ይገባ ነበር። ከእኩለ ሌሊት በፊት ይሆናል፣ መንቀጥቀጡ ቆመ። ደስ አለኝ፤ ሞቀው ብዬ። አስጎብኚው በባትሪው ፊቱን አየውና ድምፁ ተለወጠ። «መንቀጥቀጥ ጥሩ ነው። ሲቆም ነው የሚያስፈራው። እንዳይተኛ፤ አናግሪው።»

ልጁን ስሙን ጠየቅኩት። አንደበቱ ተሳስሮ ግማሹን ብቻ መለሰልኝ።

ያኔ ነው የጸለይኩት። እንዲህ አልኩ፣ ቃል በቃል፦ «የእኔና የአንተን ጉዳይ በኋላ እንነጋገራለን። ይሄ ልጅ እናት አለው። ቦታዋን ለእኔ የሰጠችኝ እሷ ናት። ልጇን በእኔ እቅፍ ውስጥ አትውሰድባት።» ጨዋ ጸሎት አልነበረም። ግን ጸሎት ነበር፤ ከብዙ ጊዜ በኋላ የመጀመሪያዬ።

ከዚያ በአፌ ምን እንደምለው ስላጣሁ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ማለት ጀመርኩ። ቤተ ክርስቲያን እንደምናደርገው አርባ አንድ ጊዜ፣ በጣቴ አንጓ እየቆጠርኩ። ልጁ ጣቴን ሲያይ፣ «ምንድን ነው የምትቆጥሪው?» አለኝ። ነገርኩት። «አንተ ቁጠርልኝ፤ እኔ ልበል» አልኩት። የበረደ ጣቱን በጣቴ አንጓ ላይ እያሳረፈ በእንግሊዝኛ ቆጠረ። ዐሥራ ሁለት ላይ ጠፋበት። እንደገና ጀመርን። ሃያ ላይ ጠፋበት። እንደገና። አባቱ ከጎን ሆኖ አብሮ ይቆጥራል፣ እያለቀሰ። ባልና ሚስቱ ልጁን ከፊት ደግፈው ሙቀታቸውን ሰጡት። ምን እምነት እንዳላቸው አልጠየቅኋቸውም፤ እነሱም መቁጠር ጀመሩ። ከረሜላውን ሁሉ ለእሱ ተውንለት።

በመሃል ጠብታ ግንባሬ ላይ ወደቀች። ዝናብ። አስጎብኚው ቀና ብሎ አየና ምንም አላለም። ነገሩ ለሁላችንም ገባን፤ ዝናብ ከጨመረ ውሃው ይነሣል፣ ከዚያ በላይ የምንወጣበት የለም።

እኔ ግን ቀኑን አሰብኩ። የገባነው ሴፕቴምበር 7 ነው። ጳጉሜን 2። እኩለ ሌሊት አልፏል። ሌሊቱ ለሩፋኤል አጥቢያ ነው!

ጉለሌ ሩፋኤል ደብር አጠገብ ያደገ ሰው ይህን ያውቀዋል። በጳጉሜን 3 የሚዘንብ ዝናብ ጸበል ነው። እኛ ልጆቹ ልብሳችንን ጥለን «ሩፋኤል አሳድገኝ» እያልን እንሮጣለን። እናቴ ሳፋ ግቢ ውስጥ ታወጣና ውሃውን ታጠራቅማለች፤ ከእሱ ትንሽ ቡኾው ላይ ጠብ ታደርጋለች፣ እንጀራው እንዲባረክ። ሩፋኤል ጦብያን በመንገድ የመራ፣ ከወንዝ ዳር የጠበቀ መልአክ ነው። እኔ መሳቢያ ውስጥ ዘግቼበት መጥቻለሁ። እሱ ግን በቀኑ መጣ።

ከጠብታው በጣቴ ወስጄ የልጁ ግንባር ላይ መስቀል ሠራሁበት። «ቅዱስ ሩፋኤል፣ ይህን ልጅ ለእናቱ አድርስልኝ። ለደብርህ ጥላ አስገባለሁ፤ ያደረግክልንንም በአደባባይ እናገራለሁ» ብዬ ተሳልኩ። ዝናቡ ጥቂት ካፊያ ሆኖ አለፈ። ውሃው አልተነሣም።

አርባ አንድ የሞላነው ስንተኛው ጊዜ እንደሆነ አላውቅም። ልጁ «ፎርቲ ዋን» ብሎ ቆመ። ከዚያ መንቀጥቀጥ ጀመረ። በሕይወቴ በሰው መንቀጥቀጥ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። አስጎብኚው ፊቱን በእጁ ሸፍኖ ትንፋሹን ለቀቀ። እሱን መልአክ ነበር አልልም። ሰው ነው፤ እጁ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ። ሌሊቱን ሙሉ ዓይኑን አልከደነም፣ ከመካከላችንም አንድ ሰው አልጣለም። እግዚአብሔር ክፍያውን ይክፈለው።

ሲነጋ ውሃው ጉልበት ድረስ ወርዶ ነበር። እሱ ቀድሞ ወርዶ በእግሩ እየፈተነ መንገድ አወጣልን። ብዙ ሳንሄድ የሸሪፉ ነፍስ አድን ሰዎች ከታች ገብተው አገኙን። ፈቃደኞች ናቸው፤ ሥራቸውን ትተው፣ ያለ ክፍያ የመጡ። የአንዷን ፊት አልረሳውም፤ የራሷን ካፖርት አውልቃ ለልጁ አለበሰችው። ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይባርካችሁ፣ ይህን ቋንቋ ባታነቡትም።

ሆስፒታል እናቱ ጠበቀችን። ልጇን ይዛ ብዙ ቆየች። ከዚያ ወደ እኔ መጥታ መዳፏን ከፈተች፤ የካቶሊኮች መቁጠሪያ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ስትቆጥር አድራለች።

ቤቴ ስገባ ጫማዬን ሳላወልቅ መሳቢያውን ከፈትኩ። በማግስቱ ለንስሐ አባቴ ሁሉንም ነገርኳቸው፣ ኩሽና ውስጥ የተናገርኩትንም። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። «ዳዊትም ‹አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?› ብሏል ልጄ፤ ያለው ግን ለእሱው ነው» አሉኝ። ለምን ሦስት ቀን እንዳልሰጠኝ ዛሬም መልስ የለኝም። አሁን ግን እየተኳረፍኩ ሳይሆን እሱኑ ነው የምጠይቀው፣ በሥዕሉ ፊት ቆሜ።

ከዚያ ጠበቃ፣ ቀጠሮ፣ ዝምታ፤ ወራት አለፉ። ወረቀቴ መጣ። ጉለሌ ሄጄ የእናቴን መቃብር አየሁ፤ ከአባቴ ጋር ተላቀስን። ጥላውን እሱው ነው መርጦ የገዛው፣ ወርቃማ ዘርፍ ያለው ቀይ። በጳጉሜን 3 አብረን አስገባነው፤ የደብሩ እናቶች እልል አሉልን።

ልጁ ደህና ነው። አድጓል፣ ድምፁም ጎርንኗል። በየዓመቱ ለልደቱ እደውልለታለሁ፤ እሱም ቆጠራው አልጠፋብኝም ሲል በእንግሊዝኛ እስከ አርባ አንድ ይቆጥርልኛል። ጥላው ደርሷል፤ በአደባባይ እናገራለሁ ያልኩትን ደግሞ ዛሬ ፈጸምኩ። ስሙ የተመሰገነ ይሁን።