ራስ የሌላቸው እባቦች፦ ከዊትቢ ገዳም ፍርስራሽ የተማርሁት

በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ፣ የኤስክ ወንዝ ከሰሜን ባሕር ጋር ወደሚገናኝባት ወደ ዊትቢ ከተማ ከለንደን የተነሣሁት አንድ ነገር በዐይኔ ለማየት ነበር፤ ቅድስት ሂልዳ ድንጋይ አደረገቻቸው የሚባሉትን እባቦች። አፈ ታሪኩ እንደሚለው፣ ሂልዳ ገዳሟን ለመትከል ገደሉ አናት ላይ ስትደርስ ምድሩን እባብ ወርሮት አገኘች፤ በጸሎቷም ኃይል እባቦቹ እንደ ተጠቀለሉ ድንጋይ ሆኑ፣ ራሳቸውንም አጥተው ወደ ባሕሩ ወደቁ። ዘንዶ አቡነ አረጋዊን ወደ ደብረ ዳሞ አምባ እንዳወጣቸው ሲተረክልኝ ያደግሁ በመሆኔ ነገሩ እንግዳ አልሆነብኝም፤ የእኛው ዘንዶ አገልጋይ ነበር፣ የእነርሱዎቹ ግን ተባረሩ።

እስከ ዮርክ በባቡር፣ ከዚያም ዛፍ አልባውን ደጋ በሚያቋርጥ አውቶቡስ ተጉዤ እኩለ ቀን ላይ ደረስሁ። በምሥራቁ ገደል ላይ የተሠሩትን 199 የድንጋይ ደረጃዎች እንደ ወጣሁ፣ ጣሪያ አልባውን ግድግዳና ሰማይ የሚታይባቸውን ረጃጅም መስኮቶች ፎቶ አንሥቼ «የሂልዳ ገዳም» ብዬ ለቤተሰቤ ላክሁ። ስሕተት ነበር። ሂልዳ አካባቢውን ይገዛ በነበረው በኖርዘምብሪያው ንጉሥ በኦስዊ ድጋፍ መነኮሳትና መነኮሳይያት በአንድነት የሚኖሩበትን ገዳም በእመምኔትነት የመሠረተችው በ657 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ከእርሷ ዘመን ሕንፃ ዛሬ ከመሬት በላይ የቆመ ነገር የለም። ያ ገዳም በ9ኛው መቶ ዘመን ጠፍቷል። እኔ ያነሣሁት ገዳሙ ከ1078 ገደማ ጀምሮ ዳግም ከተመሠረተ በኋላ በ13ኛው መቶ ዘመን መሠራት የጀመረውን ቤተ ክርስቲያን ነው። ንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ ገዳማትን ሲዘጋ ይህም በ1539 ተዘጋ፤ ከዚያ በኋላ ነፋሱና ዝናቡ ሲያፈርሱት ኖረው፣ መካከለኛው ግንብ በ1830 ወደቀ፤ በታኅሣሥ 1914 ደግሞ የጀርመን የጦር መርከቦች ከተማዋን ሲደበድቡ ምዕራባዊው ፊቱ ተጎዳ። የቆመውን ድንጋይ ከማድነቅ በፊት የማን ዘመን እንደ ሆነ መጠየቅ እንደሚገባ የተረዳሁት ፎቶውን ከላክሁ በኋላ ነው።

ሆኖም በዚያ ሜዳ ላይ ከግድግዳው ይልቅ የያዘኝ የፋሲካን ቀን አቆጣጠር ለመወሰን በ664 እዚያው የተደረገው ሲኖዶስ ነው። ንጉሥ ኦስዊ ፋሲካን በአየርላንድ መነኮሳት ቁጥር ያከብር ነበር፤ ከደቡቡ ከኬንት የመጣችው ንግሥት ኢያንፍሌድ ደግሞ በሮማውያን ቁጥር። ታሪኩን የጻፈው መነኩሴ ቢድ እንደሚለው፣ አንዳንድ ጊዜ ንጉሡ ጾሙን ፈትቶ ፋሲካን ሲያከብር ንግሥቲቱ ገና በጾም ላይ ሆና ሆሣዕናን ታከብር ነበር። ከጎረቤቶቹ በተለየ ቀን የሚፈስክ፣ ባሕረ ሐሳብንም የሚያውቅ ሰው ይህ ለአንድ ቤት ምን ማለት እንደ ሆነ ማብራሪያ አያሻውም። በክርክሩ መጨረሻ ንጉሡ የመንግሥተ ሰማያት ቁልፍ፣ ሮማውያኑ ሥርዓታችን የእርሱ ነው ለሚሉት ለጴጥሮስ መሰጠቱን ሁለቱም ወገኖች ሲያምኑ፣ በር ጠባቂውን አልቃወምም ብሎ ለሮማውያኑ ፈረደ። ሂልዳ ከአየርላንዶቹ ወገን ነበረች፤ ተሸነፈች፣ ውሳኔውንም ተቀበለች። ለእኔ ከእባቦቹ ተአምር ይልቅ ይህ የበለጠ ታላቅነቷን ያሳያል።

ሁለተኛው ስሕተቴ እባቦቹን ገደሉ ላይ መፈለጌ ነው። ያሉት ከገደሉ ሥር፣ በባሕሩ ዳር ነው፤ ባሕሩ ግን በቀን ሁለት ጊዜ ሞልቶ ሁለት ጊዜ ይጎድላል፣ እኔ ስወርድም ሞልቶ ገደሉን እየመታ ነበር። ሰዓቱን የሚያሳየውን ሰንጠረዥ አስቀድሜ ባለማየቴ ያላሰብሁትን አንድ ሌሊት አደርሁ። ውኃው ሲሞላ መመለሻ መንገዱን ስለሚዘጋና ድንጋይም ከላይ ስለሚወርድ፣ በማግስቱ ማለዳ ውኃው ገና እየሸሸ ሳለ፣ ከገደሉ ራቅ ብዬ ተጓዝሁ።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ አገኘሁት፤ ከመዳፌ የሚያንስ፣ ጥምዝምዝ፣ ጎድን ጎድን ያለው ጥቁር ድንጋይ። አሞናይት የተባለ የባሕር እንስሳ ዛጎል ሲሆን ዕድሜው 180 ሚሊዮን ዓመት ያህል ነው፤ ከዘመዶቹ አንዱን ሳይንቲስቶች በሂልዳ ስም ሂልዶሴራስ ብለውታል። የከተማዋም አርማ ሦስት እንዲህ ያሉ እባቦች አሉበት፣ እነዚያ ግን ራስ አላቸው፤ የአካባቢው ባለ እጆችም ለገበያ ሲሉ በድንጋዩ ላይ የእባብ ራስ ይቀርጹ ነበር። እኔ ያገኘሁትን እንዳለ ይዤው መጣሁ።

ማታ በቪዲዮ ለእናቴ አሳየኋት። ስለ ዛጎልም ሆነ ስለ ሂልዳ ገና አልነገርኋትም ነበር። ድንጋዩን አገላብጬ እስካሳያት ዝም ብላ አየችና፣ «እባብ ነው እንዴ ልጄ? ራሱስ የት ሄደ?» አለችኝ።