አንቴናው እጀታ አይደለም

ዛሬ ከጥበቃ ክፍል አንድ የእጅ ሬዲዮ መጣልኝ። ይዘውት የመጡት ጋሼ ችግሩን ጥንቅቅ አድርገው ነገሩኝ። «ቅርብ ሆኜ ሳወራ ጥርት ይላል። ቤዝመንት ስወርድ ይታፈናል። አንቴናውን በጣቴ ገፋ ሳደርገው ደግሞ ይመለሳል።» ይህን ከሰማሁ ወዲያ ባትሪ መቀየር ምን ይሠራል?

አንቴናውን ነካ ሳደርገው ከነሥሩ ተወዛወዘ። ፈታሁት። መሃል ላይ የምትቆመው ፒን ውፍረቷ አንድ ሚሊሜትር አይሞላም፤ ጎበጥ ብላለች። ከሥሯ ያለው ሶልደር፣ ማለትም ከቦርዱ ጋር ያጣበቃት ቀልጦ የረጋ ብረት፣ ዙሪያውን ተሰንጥቋል። ስንጥቁ በማጉያ መነጽር ካልሆነ አይታይም።

የዚህ ብልሽት ክፋቱ ጨርሶ አለመዝጋቱ ነው። በስንጥቁ በኩል ትንሽ ሞገድ ይሾልካል፤ ቅርብ ላለ ሰው ያቺው ትበቃለች። ወደ አንቴናው መውጣት የነበረበት ኃይል ግን ተመልሶ የማሠራጫው ትራንዚስተር ላይ ያርፋል። ሰው ደግሞ አልሰማ ሲሉት የማውሪያውን ቁልፍ አብዝቶ ነው የሚጫነው።

አንቴናው የሚታሰርበት ኮኔክተር ኤስኤምኤ የሚባለው ነው። ጎበዝ ዕቃ ነው፣ ግን አብዛኛውን ጊዜ አምራቾቹ ዋስትና የሚሰጡለት ለ500 ያህል መፍታትና ማሰር ነው። አንድ ሰው ሬዲዮውን በአንቴናው አንጠልጥሎ ፎቅ ሲወጣና ሲወርድ ይውላል ብሎ ያሰበ መሐንዲስ ያለ አይመስለኝም።

ባትሪውን አወጣሁ፣ የድምፅ ማዞሪያውን ነቀልኩ፣ ከታች ያሉትን ቪቴዎች ፈታሁ። ቦርዱ ሲወጣ ቀስ ነው፤ የስፒከሩ ሽቦ አጭር ነው።

ዋናው ሥራ አሮጌውን ኮኔክተር ማንሳት ነው። አካሉ ከአሉሚኒየሙ ፍሬም ጋር ስለሚነካካ ሙቀቱን ሁሉ ይጠጣዋል። ቀጭን ጫፍ ባለው ሶልደሪንግ ከሞከሩት ሶልደሩ አይቀልጥም፣ ቦርዱ ግን ይቃጠላል። ትዕግሥት አልቆ ጎተት ሲደረግ የቦርዱ መዳብ አብሮ ይላጣል። ብዙ ሬዲዮ የሚሞተው እዚህ ጋ ነው እንጂ ሲወድቅ አይደለም። ሰፊ ጫፍ ገጠምኩ፣ ሶልደሩ በደንብ እንዲፈስ የሚረዳውን ፍላክስ ቀባሁ፣ በአሮጌው ሶልደር ላይ አዲስ ጨመርኩበት። ያኔ ለሰለሰ። ኮኔክተሩ ያለ ጉተታ በራሱ ወጣ። የተረፈውን ሶልደር በተጎነጎነ የመዳብ ሽቦ መጠጥኩት።

ምትኩን ከሞተ ሬዲዮ ነው ያወጣሁት። ቀጥ ብሎ መቆሙን አየሁና መጀመሪያ አካሉን፣ በመጨረሻ ፒኗን በየድኩ። ቴስተር ላይ አንድ ነገር አለ፦ አንዳንድ ሬዲዮ ላይ ፒኑና አካሉ ሲለኩ ቴስተሩ ይጮኻል። ሾርት ሆኖ ላይሆን ይችላል። አንቴናው ላይ የሚጠራቀመውን ስታቲክ ኤሌክትሪክ ወደ ግራውንድ የሚያወርድ፣ ፒኑን ከአካሉ ጋር የሚያገናኝ ትንሽ ጥቅል ሽቦ ቦርዱ ላይ ይኖራል። ይህን የማያውቅ ባለሙያ ደህናውን ብየዳ መልሶ ሲያፈርስ አይቻለሁ።

ጋሼን ቤዝመንት ላክኋቸው። «አንተ ልጅ፣ ይሰማል?» አሉ፤ ጥርት ብሎ ይሰማል።

ሲመለሱ የወገብ ክሊፑ የት እንደገባ ጠየቅኳቸው። ከተሰበረ ቆይቷል አሉ። የሌሎቹም እንደዚያው ነው። ታዲያ በምን ይያዙት? ለሁሉም ክሊፕ እንዲገዛ ለንብረት ክፍል ጻፍኩ። «በሚቀጥለው በጀት» ተብያለሁ።