ሙሉ ስኮላርሺፕ አግኝቼ በእቁብ ብር ሊዝበን ገባሁ

ኢሜይሉ የደረሰኝ መጋቢት 2014 ላይ ሥራ ቦታ ሆኜ ነው። መብራት ስላልነበረ በስልኬ ዳታ ነው ያነበብኩት። ኢራስመስ ሙንደስ የሚባለው የአውሮፓ ኅብረት ስኮላርሺፕ፣ የሁለት ዓመት ማስተርስ፣ ትምህርቱ ስለ ከርሰ ምድር ውሃ፣ መጀመሪያ ፖርቱጋል ሊዝበን፣ ቀጥሎ ሆላንድ ዴልፍት፣ ከዚያ ጀርመን ድሬስደን። የትምህርት ክፍያው ተሸፍኗል። ኢንሹራንሱ ተሸፍኗል። ከዚያ ላይ በወር 1,400 ዩሮ ለ24 ወር። እጄ እየተንቀጠቀጠ ለመጋዘን ኃላፊያችን ለጋሼ አሳየኋቸው። እሳቸው እንግሊዝኛውን ዘለው ቁጥሯን ብቻ አዩና «ይቺ በብር ስንት ትሆናለች?» አሉኝ። ስነግራቸው ተነስተው መረቁኝ፣ ምርቃቱ አላልቅ አለ።

ከዚያ አንዱ ቴክኒሻን «ትኬቱንስ ማን ይቆርጥልሻል?» ሲል ጠየቀኝ።

«ስኮላርሺፑ ነዋ» አልኩት። ማታ ቤት ገብቼ ውሉን ከላይ እስከ ታች ሳነበው ግን ነገሩ ሌላ ነው። በድሮው አሠራር ለጉዞ ተብሎ ለብቻው የሚሰጥ ገንዘብ ነበር። በፈረንጆቹ ከ2021 ወዲህ በመጣው አሠራር ግን 1,400 ዩሮው ሁሉንም ያጠቃልላል፣ ትኬቱንም፣ ቪዛውንም፣ ቤት መያዣውንም። ገንዘቡ የሚገባው ደግሞ እዚያ ደርሰሽ፣ ተመዝግበሽ፣ የባንክ ሂሳብ ከፍተሽ ነው። ስለዚህ ሙሉ ስኮላርሺፕ ያለው ሰው የመጀመሪያውን ወር ራሱ መሸፈን አለበት። ይህን ማንም አልነገረኝም። አሁን የምጽፈውም ለዚህ ነው፣ በየዓመቱ ተመርጠው ቪዛ ድረስ ሄደው እዚህ ላይ የሚጨነቁ ልጆች ስለማውቅ።

ሂሳቡ እንዲህ ነበር። ትኬት 41,000 ብር። ሊዝበን ያገኘሁት ክፍል ኪራዩ በወር 420 ዩሮ፣ አከራይዋ የአንድ ወር ኪራይና የሁለት ወር ማስያዣ ባንድ ላይ ትፈልጋለች፣ 1,260 ዩሮ ማለት ነው። ያኔ አንድ ዩሮ በባንክ 52 ብር ገደማ ነበር። የቪዛው፣ የሰነድ ማረጋገጫው፣ አዲስ አበባ የተመላለስኩበት መኪና፣ እንግዳ ማረፊያው፣ እሱ አይቆጠርም። የኔ ደሞዝ ተቆራርጦ እጄ ላይ የሚደርሰው ከሰባት ሺህ ብር ብዙም አይበልጥም።

መሥሪያ ቤታችን ውስጥ የወር እቁብ ነበረን። ሃያ ሰው፣ በሰው 2,000 ብር፣ ድምሩ 40,000። እኔ የከፈልኩት ገና ሦስት ወር ብቻ ነው። ዕጣ ይቀድምልኝ ብዬ ጠየቅኩ። ሰብሳቢያችን ጥሩ ሰው ናት፣ ግን እቁብ እቁብ ነው፣ ዕጣ የበላ ዋስ ይጠራል። ሐምሌ ላይ ተሰብስበን ስናወራ አንዲት ሴት በቀጥታ «አገር ለቃ ለምትሄድ ልጅ ማን ዋስ ይሆናል? ባትከፍልስ የት አግኝተን እንጠይቃታለን?» አለች። አልተቀየምኳትም። እውነቷን ነው። እሷም ልጆቿን ትምህርት ቤት የምታስመዘግበው በዚያችው ዕጣ ነው።

ዝም ተባለ። ከዚያ ጋሼ ብዕር ጠየቁ። «እኔ ነኝ ዋሷ፣ እሷ ብትቀር እኔ እከፍላለሁ» ብለው ፈረሙ። አራት ልጆች ያሏቸው፣ ጡረታቸው ሁለት ዓመት የቀረው ሰው። አሥራ ሰባት ወር ይቀረኛል፣ 34,000 ብር። ሰውየው በስማቸው የፈረሙት ይህንን ነው።

ትኬቱ በዚህ ተቆረጠ። ቀሪው የቤቱ ማስያዣ ነው። ብር ቢኖረኝ እንኳ ወደ ዩሮ ቀይሬ ፖርቱጋል ላለች አከራይ የምልክበት መንገድ አልነበረኝም። ያንን የከፈለችው ዱባይ ሰው ቤት የምትሠራው እህቴ ናት። ከስምንተኛ ክፍል አቋርጣ የሄደችው እሷ፣ እኔን ለማስተማር ነው የሄደችው ማለት ይቻላል። «ደረሰኙን ላኪልኝ» ብቻ ነው ያለችኝ። ቆይቼ ስሰማ ከአሠሪዎቿ የሦስት ወር ደሞዝ በብድር ወስዳ ነው።

ሊዝበን የገባሁት መስከረም መጀመሪያ ላይ ነው። የማውቀው አንድም ሀበሻ አልነበረም። በሻንጣዬ እናቴ ያዘጋጀችው በሶ፣ ሽሮና ድርቆሽ አለ። ፖርቱጋል ውስጥ ባንክ ለመክፈት መጀመሪያ የግብር ቁጥር ማውጣት ያስፈልጋል። እሱን አወጣሁ። ባንኩ ግን ሦስት ጊዜ መለሰኝ፣ አንዴ የአድራሻ ማስረጃ፣ አንዴ የዩኒቨርሲቲ ደብዳቤ ማኅተም የለውም፣ አንዴ የሚያስተናግደኝ ሰው ፈቃድ ወጥቷል። የመጀመሪያው ገንዘብ የገባልኝ በደረስኩ በ38ኛው ቀን ነው። እስከዚያ ድረስ ከባንክ በትኬቴ ገዝቼ የያዝኩትን ጥቂት ዶላር በየቀኑ እየቆጠርኩ ኖርኩ። ክፍል ውስጥ ስለ ውሃ ፍሰት እኩልታ ይወራል፣ እኔ ስለ አውቶቡስ ትኬት አስባለሁ። የተራበ ሰው ትምህርት አይገባውም፣ ይህን በራሴ አይቻለሁ።

ገንዘቡ የገባ ቀን መጀመሪያ ያደረግኩት የእቁቡን መላክ ነው። 2,000 ብር ያኔ 38 ዩሮ አካባቢ ነው። 38 ዩሮ! ሰው ዋስ እስኪሆን ድረስ ያስጨነቀን ብር እዚህ የአንድ ሳምንት አስቤዛ ነበር። ይህ ነገር ደስ አላለኝም፣ አለቀስኩ። ዴልፍት ክፍሉ 650 ዩሮ ስለነበር ጠበብ አለ፣ ድሬስደን የተማሪ መኖሪያ 300 አይሞላም፣ እዚያ ተነፈስኩ። የመጨረሻውን እቁብ የላክሁት ከድሬስደን ነው። የእህቴን ብድር ከዚያ በፊት ጨርሻለሁ።

አሁን ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ ነገር ልናገር።

ኢራስመስ ሙንደስ ለማመልከት ገንዘብ አይከፈልም። እኔን አንድ ሰው «ፕሮሰስ አደርግልሻለሁ» ብሎ 60,000 ብር ጠይቆኛል። የሚያደርገው ነገር የለም፣ እናንተ ራሳችሁ ኦንላይን የምትሞሉትን ፎርም ነው የሚሞላው። ፕሮግራሞቹ በአብዛኛው ከጥቅምት ጀምሮ ይከፈታሉ፣ የሚዘጉበት ቀን ግን እንደየፕሮግራሙ ይለያያል። ኮስት ሼሪንግ ያልጨረሳችሁ አሁኑኑ ጨርሱ፣ ያለሱ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት አይሰጣችሁም፣ የማመልከቻው ጊዜ ሲደርስ ሬጅስትራር በር ላይ መቆም ያበሳጫል። አይኤልትስ ለመፈተን አቅም የሌላችሁ ፕሮግራሙን ጠይቁ፣ ዩኒቨርሲቲያችሁ በእንግሊዝኛ እንዳስተማራችሁ የሚገልጽ ደብዳቤ የሚቀበሉ አሉ።

ለምን መማር እንደምትፈልጉ የምትጽፉበት የማመልከቻ ደብዳቤ ላይ ትንሽ ልቆይ። በመጀመሪያው ዓመት ወድቄያለሁ። «ከልጅነቴ ጀምሮ ተፈጥሮን እወዳለሁ» የሚል ነገር ነበር የጻፍኩት፣ ማንም ሊጽፈው የሚችል። በሁለተኛው ዓመት የጻፍኩት ስለ አንድ ጉድጓድ ነው። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ አንድ ቀበሌ ላይ ቆፍረን ውሃው ወጣ፣ ሕዝቡ ጨፈረ፣ ናሙናው ሲመረመር ፍሎራይዱ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው 1.5 ሚሊግራም በሊትር ብዙ እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ጉድጓዱን ዘጋነው። እዚያ ያሉ ልጆች ጥርሳቸው ለምን ቡናማ እንደሆነ ያኔ ገባኝ። «ቀጥሎ የት ብንቆፍር ይሻላል የሚለውን መመለስ አልችልም፣ ለዚህ ነው መማር የምፈልገው» ብዬ ጨረስኩ። የተመረጥኩት በዚያ ነው ብዬ አምናለሁ። እናንተም የሠራችሁት ሥራ ውስጥ ያልተመለሰላችሁን ጥያቄ ጻፉ።

ገና ዲግሪ ላይ ያላችሁ ደግሞ ሌላ በር አለላችሁ። በኢራስመስ ፕላስ ከ2 እስከ 12 ወር ለልውውጥ ሄዶ መመለስ ይቻላል። ትምህርታችሁን ሳታቋርጡ፣ እዚያ የወሰዳችሁት ኮርስ ተቆጥሮላችሁ፣ የወር ገንዘብም ይሰጣችኋል። ግን ዩኒቨርሲቲያችሁ ከአውሮፓው ዩኒቨርሲቲ ጋር ስምምነት ሊኖረው ይገባል፣ የሚልካችሁም እሱ ነው። ማስታወቂያው አንዳንዴ ቦርድ ላይ ሳይለጠፍ ያልፋል። የውጭ ግንኙነት ቢሮውን ሄዳችሁ ጠይቁ፣ በየሴሚስተሩ ጠይቁ። እኔ አርባ ምንጭ ስማር ያ ቢሮ የት እንዳለ እንኳ አላውቅም ነበር፣ እስካሁን ይቆጨኛል።

ሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ያላችሁ የጀርመኑን የትምህርት ልውውጥ ድርጅት ዳድን (DAAD) እዩ፣ ለልማት ነክ ማስተርስ የሚሰጠው ስኮላርሺፕ በትክክል እንደናንተ ላለ ባለሙያ ነው የተዘጋጀው። ብቻ ዲግሪያችሁን ከያዛችሁ በአብዛኛው ስድስት ዓመት ባይሞላ ነው፣ ስለዚህ አታዘግዩት።

«ጀርመን ትምህርት ነጻ ነው» ለሚሉኝ ደግሞ፣ አዎ፣ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አብዛኛው ነጻ ነው። ባደን ቩርተምበርግ ግን በፈረንጆቹ ከ2017 ጀምሮ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የመጣን ተማሪ በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ታስከፍላለች። ከሁሉ በላይ ቪዛ ለማግኘት የዓመት መኖሪያችሁን በዝግ ሂሳብ (በየወሩ የተወሰነ ብቻ በሚወጣበት የባንክ ሂሳብ) ማስቀመጥ አለባችሁ፣ ከመስከረም 2024 ወዲህ 11,904 ዩሮ። በእኛ ከሚሊዮን ብር በላይ ነው። ያለ ስኮላርሺፕ ይህን የሚችል ቤተሰብ ስንት ነው? ኖርዌይም ድሮ ነጻ ነበረ፣ ከ2023 መኸር ጀምሮ እሱም ቀርቷል። የቆየ ምክር ይዛችሁ ጊዜ አታጥፉ።

ከተመረጣችሁ በኋላ ደግሞ ለፕሮግራሙ አስተባባሪ ጻፉና ሁለት ነገር ጠይቁ። የመጀመሪያው ክፍያ መቼ ነው? ማስያዣ የማይጠይቅ የተማሪ መኖሪያ ታስይዙልኛላችሁ? እኔ አፍሬ አልጠየቅኩም። «ሙሉ ስኮላርሺፕ ሰጥተውኝ ደግሞ ገንዘብ የለኝም ልበል?» አልኩ። ከኔ በኋላ የመጣች ልጅ ጠይቃ መኖሪያ አስይዘውላታል።

አሁን እዚህ የተመረቅን አምስት ልጆች አለን። ሦስታችን ድሬስደን፣ ሁለቱ ሆላንድ። አምናው ከኛው መሥሪያ ቤት አንድ ልጅ መጀመሪያ በተጠባባቂነት ተያዘ፣ ግንቦት ላይ ዋናው ዝርዝር ውስጥ ገባ። ደውሎ ስለ ትኬቱ ሊነግረኝ ሲጀምር አስቆምኩት፣ ቀሪውን አውቀዋለሁ። በሰው 300 ዩሮ አዋጥተን 1,500 ሆነለት፣ በወር 300 በአምስት ወር ይመልሳል፣ የሚመልሰውም ለቀጣዩ ልጅ እንዲቆይ ነው። ዋስ ማን ይሁን ብለን ስንነጋገር ጋሼ ከአገር ቤት ደውለው፣ ጡረታ ወጥተው ቤት ነው ያሉት፣ «እኔን ጻፉኝ» አሉ። ጻፍናቸው። ልጁ ሊዝበን ከገባ አራት ወሩ ነው፣ ሦስተኛው 300 ባለፈው ሳምንት ገባ።