የጨዋታ ሸለቆ

ከጠዋት ጀምሮ ሆዴን ባር ባር ሲለው ዋለ። ስልኬን ዘግቼ ስለ አጤ ቴዎድሮስ የተጻፈውን መጽሐፍ ገለጥኩና አንድ ስም ላይ ቆምኩ፤ ፕላውደን።

የእንግሊዙን ቆንስል ከተማሪ ቤት ጀምሮ እናውቀዋለን። ከአገሩ ሰው ከጆን ቤል ጋር መጥቶ እዚሁ የቀረው፣ የቴዎድሮስ ወዳጅ። በ1852 ዓ.ም. ወደ ምጽዋ ሊወርድ ሲል ጎንደር አጠገብ በቴዎድሮስ ላይ የሸፈተው የጋረድ ሰዎች አደጋ ጣሉበት፤ ቆስሎ ተማረከ። ገንዘብ ተከፍሎ ተለቀቀ፤ ቁስሉ ግን አላስተረፈውም። አርባ ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር።

ፕላውደን የሰው ስም ከመሆኑ በፊት የቦታ ስም ነበር። ከዌልስ ድንበር ብዙም ሳይርቅ፣ ሽሮፕሻየር ውስጥ፣ የኦኒ ወንዝ የሚያልፍበት ትንሽ መንደር ነው። በጥንቱ እንግሊዝኛ ጨዋታ የሚደረግበት ሸለቆ ማለት ነው። ለእኔ የታየኝ የገና ጨዋታ ነው፤ ሩር ስትለጋ፣ አቧራው ሲጨስ፣ ጎረምሳው ሁሉ ሲሰዳደብ፣ ማንም ማንንም ሳይቆጣ። እዚያ መሬት የነበራቸው ሰዎች በቦታው ስም እየተጠሩ ቆይተው ስሙ ለልጅ ልጅ ተላለፈ። በ1066 (በእነሱ አቆጣጠር) ከሆነው የኖርማኖች ወረራ በፊት አብዛኛው እንግሊዛዊ አንድ ስም ብቻ ነበረው፤ የቤተሰብ ስም የጸናው ቀስ በቀስ ነው።

ከዚያ ቤት በ16ኛው ምዕተ ዓመት ኤድመንድ የሚባል የሕግ ሰው ወጣ። የካቶሊክ ቅዳሴ በተከለከለበት በቀዳማዊት ኤልሳቤጥ ዘመን ካቶሊክነቱን ሳይተው የኖረ ነው። ቅዳሴ አስቀድሷል ተብሎ ለተከሰሰ ሰው ጥብቅና ቆሞ ሳለ፣ ቀዳሹ ለማጥመድ የተላከ እንጂ ቄስ እንዳልሆነ ደረሰበትና «ነገሩ ተለወጠ፤ ቄስ ከሌለ ቅዳሴ የለም» አለ ይባላል። እንዴት ያለ ጭንቅላት ነው! አባባሉ በእንግሊዞች ዘንድ ተረት ሆኖ ቀረ።

ያ ሁሉ፣ ሸለቆውም ጠበቃውም፣ በአንድ ስም ታዝሎ ጎንደር ድረስ መጣ። የእኛ ስም እንዲህ አይጓዝም። አባት፣ አያት፣ ከዚያ በኋላ ለጋብቻ ሰባት ቤት ሲቆጠር ካልሆነ ማን ያነሳዋል? ባሕር ማዶ ግን ነገሩ እየተቀየረ ነው። ታናሽ ወንድሜ እዚያ ወረቀት ሲያወጣ የአባባን ስም የቤተሰብ ስም አድርገው መዘገቡት። ልጆቹም ማስረሻ ናቸው፤ የልጅ ልጆቹም ማስረሻ ሊባሉ ነው።

አባባን ማስረሻ ያለችው እናቱ፣ አያታችን እማማ ናት። ከእሱ በፊት የወለደችው ልጅ ሞቶባት፣ ይህኛው እንዲያስረሳት ብላ ነው። ሐዘኗን ለአንድ ልጅ አወረሰችው እንጂ ለዘር ማንዘር አላሰበችም። ወንድሜ ይህን ያውቃል? እሱ ሲወለድ እማማ አርፋለች፤ አባባም ስለዚያ ልጅ አፉን አይከፍትም። ጽፌ ልላክለት? ወይስ ልጆቹ ስሙን እንዲሁ፣ ያለ ሐዘኑ ቢይዙት ይሻላል?