የአባቴ ጣሊያንኛ

ኮምቦልቻ፣ የካቲት 2017 ዓ.ም.

ከተመለስኩ 11 ቀን ሆነኝ። ሻንጣዬ ግን እስካሁን አልጋዬ አጠገብ አፉን ከፍቶ ተቀምጧል። እናቴ በየጠዋቱ "ይሄን ሻንጣ አንድ በይው እንጂ" ትላለች። እሺ እላለሁ፣ ዘልዬው አልፋለሁ።

በኢራስመስ የልውውጥ ዕድል አግኝቼ አንድ ሴሚስተር ጣሊያን አገር ቦሎኛ ከተማ ተማርኩ። የሜካኒካል ምህንድስና ተማሪ ነኝ። ሰው "እንዴት ነበር?" ሲለኝ "አሪፍ ነበር" ብዬ እገላገላለሁ። ረጅሙን መልስ ቆሞ የሚሰማ የለም። እሱን እዚህ ልጻፈው።

አባቴ መካኒክ ነው። ጋራዡ በባቲ መውጫ መንገድ ዳር ነው። ያደግኩት እዚያ ነው ማለት ይቻላል። ከትምህርት ቤት ስመለስ ደብተሬን ጎማ ላይ አስቀምጬ ካቻቢቴ አቀብላለሁ፣ ፒንሳ አቀብላለሁ፣ ኩሽኔታ በናፍጣ አጥባለሁ። አባቴ ሙያውን የተማረው ደሴ ከነበሩ አንድ ሽማግሌ ነው። እሳቸው ደግሞ በልጅነታቸው ከጣሊያን መካኒክ ሥር ሠርተዋል። ቃላቱም እንደ መፍቻው ከእጅ ወደ እጅ ነው የመጡት። ለእኔ ግን አማርኛ ነበሩ።

በመጀመሪያው ሳምንት የመኖሪያ ፈቃድ ማመልከት ነበረብኝ። ጣሊያን የገባ የሩቅ አገር ተማሪ በ8 የሥራ ቀናት ውስጥ ማመልከት አለበት። ፎርሙ ከፖስታ ቤት ይወሰዳል፣ ከዚያ የ16 ዩሮ ቴምብር ያስፈልገዋል። ቴምብሩን የሚሸጠው ደግሞ ሲጋራ የሚሸጥ ሱቅ ነው (ይሄን ለመረዳት ግማሽ ቀን ፈጅቶብኛል)። ስሙ ማርካ ዳ ቦሎ ይባላል። ማታ ለአባቴ ደወልኩ።

"አባዬ፣ ዛሬ ቦሎ ገዛሁ።"

"የምን ቦሎ? መኪና ገዛሽ እንዴ?"

ከዚያ በኋላ በየመንገዱ የአባቴን ቃላት ማየት ጀመርኩ። ጎሚስታ የሚል ታፔላ አያለሁ። ላቫጆ የሚል አያለሁ። ታፔላ የሚለው ራሱ ከእነሱ ሳይሆን አይቀርም። ልጅ ሆኜ ኤንትሬ የሚባለው አሮጌ ፊያት የጭነት መኪና እንዲያው ስሙ ይመስለኝ ነበር። ቋንቋ ክፍል ገብቼ ኡኖ፣ ዱዌ፣ ትሬ ስንል ነው የበራልኝ። ኤን ሦስት። በቃ ይሄው ነው። ክፍል ውስጥ ብቻዬን ሳቅኩ።

እዚያ ለተማሪም ሊብሬ አለ። ውጤት የሚሞላበት ደብተር ሊብሬቶ ይባላል፤ አሁን ኦንላይን ሆኗል። አባቴ ይሄን ሲሰማ "ታዲያ አንቺም ምርመራ አለፍሽ?" አለኝ።

ምርመራው ጥር ላይ ደረሰ። እዚያ ብዙ ፈተና የቃል ነው። ስም ይጠራል፣ ትሄጃለሽ፣ ከመምህሩ ፊት ትቀመጫለሽ። ተራቸውን የሚጠብቁት ደግሞ ከኋላሽ ሆነው ይሰማሉ። ውጤቱ ከ30 ነው፣ ማለፊያው 18። ከእኔ በፊት የገባው ልጅ 26 ተሰጠው። አልፈልግም አለ! በሚቀጥለው ዙር ተመልሶ ሊፈተን ነው። መምህሩም ምንም አልመሰላቸው። እኛ ግሬድ ተለጥፎ እናያለን፣ እናለቅሳለን፣ እንሄዳለን። እምቢ ማለት እንደሚቻል ማን ነገረን?

ተራዬ ሲደርስ መዳፌ ረጥቧል። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። መምህሩ ወረቀት ላይ ዘንግ ሳሉ፣ ጫፍና ጫፉ ላይ ክብ ነገር ጨመሩና በእርሳስ እየነኩ ይሄ ምንድን ነው አሉኝ። አውቀዋለሁ። ስንቴ ፈትቼዋለሁ፣ ስንቴ ግሪስ ሞልቼዋለሁ። የእንግሊዝኛው ስም ግን ብን ብሎ ጠፋ። ዝም አልኩ። ከኋላዬ ወንበር ሲንቋቋ ይሰማኛል። በመጨረሻ አፌ ራሱ ተናገረ።

"ኩሽኔታ።"

መምህሩ ቀና አሉ። "ኩሽኔቶ! ጣሊያንኛ የት ተማርሽ?"

"ከአባቴ።"

"አባትሽ ጣሊያን ኖረዋል?"

"ኧረ፣ ኮምቦልቻ ነው ያለው።"

ከኋላ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፣ ጉልበቴም ተመለሰልኝ። ከዚያ የቀረውን በደንብ መለስኩ። ኩሽኖ ትራስ ማለት መሆኑን የነገሩኝ ያኔ ነው። ኩሽኔቶ ትንሽ ትራስ። ለካ ልጅነቴን ሙሉ በናፍጣ ሳጥብ የኖርኩት ትራስ ነው። 24 ሰጡኝና "ትቀበያለሽ?" አሉ። ላስብበት ሳልል ተቀበልኩ። እምቢ የሚል ልብ የለኝም።

አያቴ ደሴ ነው የምትኖረው። ስሄድ ደስ አላላትም። "ከአገር ሁሉ ጣሊያን?" አለችኝ። እናቷ ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ደሴ በአውሮፕላን ስትደበደብ ልጅ ነበረች፤ ጢሱን ስትተርክላት ነው ያደገችው። ቦሎኛ መሀል አደባባዩ አጠገብ አንድ ግድግዳ አለ። ፋሺስትንና ናዚን ሲዋጉ የሞቱ የከተማዋ ሰዎች ፎቶ ተደርድሮበታል። ከ2,000 በላይ ናቸው። ብዙዎቹ የእኔ እኩያ ይሆናሉ። ስመለስ ለአያቴ ነገርኳት። እነሱም ለካ ከሙሶሊኒ ጋር ተዋግተዋል አልኳት።

"መቼ?"

"በእኛ በ1936 እና 37።"

ቡናዋን ፉት አለች። "ዘግይተው ነው። እኛ ጨርሰን ነበር።"

የመጨረሻው ሳምንት በሩጫ አለቀ። ተማሪ ሳይመረቅ አሲኔሊ የሚባለውን የቦሎኛ ረጅም ግንብ ከወጣ አይመረቅም ይላሉ፤ ለነገሩ ግንቡም ጎረቤቱ ጋሪሴንዳ የሚባለው ግንብ እየተጠገነ ስለነበር ተዘግቶ ነበር። በመጨረሻው እሁድ ግን በቅስት የተሸፈነውን መንገድ ይዤ ሳን ሉካ ቤተክርስቲያን ድረስ ወጣሁ። 4 ኪሎ ሜትር ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው፣ 666 ቅስት አለው። ቁጥሩን ለአያቴ አልነገርኳትም።

ከዚያ ፌሮውን፣ ብሎኑን፣ መሣሪያውን ሁሉ የሚሸጥ ሱቅ ገባሁ። የአባቴ ጋራዥ በጦርነቱ ጊዜ ተዘርፏል። ከዚያ ወዲህ ጫፉ በተበላ መሣሪያ፣ በውሰት ነው የሚሠራው። ስለዚህ ስድስት ካቻቢቴ ያለው አንድ ስብስብ ገዛሁ። ባለሱቁ ካቻ ማባረር፣ ቪቴ ብሎን ነው አለኝ። ብሎን አባራሪ! ለኪሎው ስል ሁለት ጫማ ትቼ መጣሁ።

አባቴ ሳጥኑን ሲከፍት ምንም አላለም። ትልቁን አወጣ። ጫፉን በአውራ ጣቱ ዳበሰው። እጀታውን አገላብጦ አየው። እንደገና ጨርቅ ላይ አስቀመጠውና አንድ ሲኖትራክ ሥር ገባ።

"ካቻቪቴው ጥሩ ነው?" አልኩት፣ ልክ ባለሱቁ እንዳለው አድርጌ።

"ምን አልሽ?"

"ካቻቪቴ። ትክክለኛው እንደሱ ነው።"

ከመኪናው ሥር ሳቁ መጣ። "አምስት ወር ሄደሽ አፍሽን አበላሽተሽ መጣሽ? ካቻቢቴ ነው።" በግሪስ የጠቆረ እጁ ብቻ ወደ ውጭ ወጣ።

"በይ አምጪ። ትልቁን።"