ኮፒ ቤቴን ወደ ሊኑክስ ያዞርኩበት መንገድ

ጅማ ላይ ኮፒ ቤት ለከፈተ ሰው የማይደርሰው የሰው ጉዳይ የለም። ጠዋት የፍርድ ቤት ማመልከቻ ይጻፋል። ረፋድ ላይ ከኪቶ ፉርዲሳ ግቢ የመጣ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን ያስተካክላል። ከሰዓት ቡና ነጋዴው የንግድ ፈቃዱን ስካን ያስደርጋል፣ ማምሻውን ደግሞ ፋይዳውን በካርድ ማሳተም የሚፈልግ ይሰለፋል። ሰውየው ወረቀቱን ተቀብሎ ይሄዳል፣ ፋይሉ ግን እኛ ዘንድ ይቀራል። ብዙ ኮፒ ቤት ገብታችሁ ዴስክቶፑን ብታዩ «መታወቂያ ፊትና ጀርባ»፣ «ሲቪ የመጨረሻ»፣ «የፍቺ ክስ 2»፣ «የሐኪም ማስረጃ» የሚሉ ፋይሎች ተደርድረው ታገኛላችሁ። ቀጣዩ ደንበኛ ፍላሹን ሰክቶ የራሱን ሲፈልግ ይህ ሁሉ ዓይኑ ሥር ነው።

አንዲት እናት የልጆች ቀለብ ማመልከቻ ሊያጽፉ መጥተው፣ ጽፈን ስንጨርስ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄ፣ ይሄን ሌላ ሰው አያይብኝም አይደል?» አሉኝ። «አይ እማማ፣ አሁኑኑ አጠፋዋለሁ» አልኳቸው። ማጥፋት ስንል በእርግጥ መጥፋቱን ማየት የፈለግኩት ያን ቀን ነው። ከኮምፒውተር ኮምፒውተር ፋይል የምናመላልስበትን የቤቱን ፍላሽ ፎርማት አደረግኩትና ፎቶሬክ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ፈተሽኩት። የፋይሎቹ ስም ጠፍቷል፣ ምስሎቹ ግን አንድ በአንድ ተመለሱ። የመታወቂያ ቁጥር ጥርት ብሎ ይነበባል። ፋይል ሲጠፋ፣ ወይም ፍላሽ በፈጣኑ መንገድ ፎርማት ሲደረግ፣ ኮምፒውተሩ የሚያደርገው ቦታውን «ባዶ ነው» ብሎ መመዝገብ ብቻ ነው። ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ ይዘቱ እዚያው ይቀመጣል።

ወደ ሊኑክስ፣ ማለትም በዊንዶውስ ቦታ ኮምፒውተሩን ወደሚያንቀሳቅሰው ኦፕን ሶርስ ሥርዓት፣ እንድዞር ያደረገኝ ሌላም ነገር አለ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ክፍልና አዲስ ፕሮሰሰር ይፈልጋል፣ የእኔ ዓይነት አሮጌ ኮር አይ 3 አይቀበለውም። በየሱቁ የሚሠራበት መላ ክራክ መጫን ነው፣ ዊንዶውስን ሳይገዙ አክቲቬተር በሚባል ፕሮግራም ማስከፈት ማለት ነው። አክቲቬተሩ ገና ሲጫን «መጀመሪያ አንቲቫይረሱን አጥፋ» ይላል። ማን እንደሠራው የማይታወቅ፣ ጠባቂውን አስወጡልኝ ብሎ የሚገባ ፕሮግራም ባለበት ማሽን ላይ የሰው መታወቂያ ስካን ማድረግ ልክ ነው ብዬ አላምንም።

ኦፕን ሶርስ ስል ብዙ ሰው የሚሰማው «በነፃ» የሚለውን ብቻ ነው። ለእኔ ዋናው ኮዱ በአደባባይ መሆኑ ነው። እኔ ኮድ አላነብም፣ ማንበብ የሚችሉና ምንም የማያገናኛቸው ሰዎች ግን በየቀኑ ያዩታል። «ነፃ ነገር አይታመንም» ለሚሉኝ የምመልሰው፣ ወረፋ ይዛችሁ የምታሳትሙት ፋይዳ ራሱ ሞሲፕ በሚባል ኦፕን ሶርስ ሶፍትዌር ላይ የተገነባ ነው ብዬ ነው። ክፍት መሆኑ ብቻውን ግን ዋስትና አይሆንም። በየካቲት 2016 እ.ኤ.አ. የሊኑክስ ሚንት ድረ ገጽ ተሰብሮ፣ የማውረጃው ሊንክ ለሰርጎ ገቦች በር ወደሚከፍት ፋይል እንዲወስድ ተደርጎ ነበር። ስለዚህ የወረደውን ፋይል ማመሳከሪያ ቁጥር (ቼክሰም) ድረ ገጹ ላይ ካለው ጋር አመሳክሩ፣ የሠሪዎቹን ዲጂታል ፊርማም አረጋግጡ። ድረ ገጹን የሰበረ ሰው ቁጥሩንም ሊቀይረው ይችላልና ፊርማው ይበልጣል።

የመረጥኩት ሊኑክስ ሚንት 22ን ነው፣ ኤክስኤፍሲኢ የሚባለውን ቀለል ያለ እትም። እስከ 2029 እ.ኤ.አ. ማሻሻያ ያገኛል፣ 4 ጊጋ ራም ባለው ማሽንም ይሠራል። ሌሊት ኔት ሲፈጥን አውርጄ ፍላሽ ላይ ጻፍኩት፣ ሳልጭነውም ከፍላሹ አስነስቼ ፕሪንተሩን፣ ስካነሩንና ዋይፋዩን ሞከርኩ። ስጭን ዲስኩ በሙሉ እንዲመሰጠር የሚለውን ምርጫ ወሰድኩ። ሌባ ኮምፒውተሩን ይዞ ቢሄድ የይለፍ ቃሉ ከሌለው የሚያገኘው የማይነበብ ነገር ነው።

ሥራዬን የለወጠው ግን የእንግዳ መለያው (ጌስት አካውንት) ነው። ሚንት ላይ ተዘግቶ ስለሚመጣ ከመግቢያ መስኮቱ ቅንብር ውስጥ መክፈት ያስፈልጋል። ደንበኛ ሲቀመጥ በእንግዳ መለያ ይገባል፣ የሚከፍተውና የሚያስቀምጠው ሁሉ ጊዜያዊ ሜሞሪ ላይ ያርፋል። ወጥቶ ሲዘጋው ፎልደሩ፣ የብራውዘሩ ታሪክ፣ ሳይዘጋው የረሳው ኢሜይል ሁሉ አብሮ ይሄዳል። ዴስክቶፑ ለሚቀጥለው ሰው ባዶ ሆኖ ይከፈታል። የራሴን ፎልደር ደግሞ ከእኔ በቀር ማንም እንዳይከፍተው ፈቃዱን ዘጋሁት።

ይህ ግን የሚያስከፍለው ነገር አለ። ጅማ በክረምት መብራት እንዴት እንደሚሄድ ታውቃላችሁ። በእንግዳ መለያ እየጻፋችሁ መብራት ከሄደ ጽሑፉ በቃ ሄደ፣ ሊብሬኦፊስ አስቀምጦ የሚያስመልሰው ረቂቅም አይኖርም። ዩፒኤስ የግድ ነው። ረጅም ጽሑፍ ሲሆን ከመጀመሪያው በደንበኛው ፍላሽ ላይ አስቀምጠን እንጀምራለን፣ በየጥቂት ደቂቃው ራሱ ሴቭ እንዲያደርግም አስተካክለነዋል። እኔ ይህን ድካም እመርጣለሁ። ጸሐፊያችን ግን በመጀመሪያው ሰሞን ተማራ ነበር፣ አልፈርድባትም።

የፍላሽ ቫይረስ ጉዳይ ሳይታሰብ ቀለለ። ፎልደሩን ደብቆ በቦታው ሾርትከት የሚያስቀምጠውን ታውቁታላችሁ፣ ተማሪዎች «ፋይሌ ጠፋ» እያሉ የሚያለቅሱበት ነው። ያ ቫይረስ ለዊንዶውስ የተጻፈ ስለሆነ ሊኑክስ ላይ አይነሳም። የተደበቀው ፎልደር እንደ ወትሮው ይታያል፣ ገልብጠን እንሰጣቸዋለን።

ትልቁ ፈተና ፓወር ግዕዝ የሚባለው የድሮ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ነው። የድሮ ሰነዶች የተጻፉት ዩኒኮድ (የየቋንቋውን ፊደል ኮምፒውተሮች ሁሉ በአንድ ዓይነት የሚያነቡበት ደረጃ) ባልሆነ ፊደል ስለሆነ ፎንቱ ሳይኖር ሲከፈቱ የላቲን ቁርጥራጭ ይሆናሉ። ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፣ በመሥሪያ ቤቶች ግን የድሮው ፋይል ዛሬም ይዞራል። ለዚህ ሲባል አንድ ኮምፒውተር በዊንዶውስ ተውኩ፣ ከኢንተርኔት አላቅቄ። አዲስ የምንጽፈው ሁሉ በኪይማን ኪቦርድ በዩኒኮድ ነው፣ ፎንታችንም አቢሲኒካ። ጅማ ግማሹ ሥራ በአፋን ኦሮሞ ነውና የቁቤው ምንም አላስቸገረም፣ በእንግሊዝኛ ፊደል ማረሚያ ቀይ እንዳይሰመርበት ቋንቋውን መቀየር በቂ ነው።

የመመረቂያ ጽሑፍ ላይ ተማሪዎች የሚፈሩት ገጹ ይዛነፋል ብለው ነው። ሊብሬሽን ሰሪፍ የሚባለው ፎንት ከታይምስ ኒው ሮማን ጋር የፊደሎቹ ስፋት አንድ ስለሆነ መስመሩ አይሰበርም። ሰንጠረዥ ግን አንዳንዴ ይንሸራተታል፣ ስለዚህ ከማተም በፊት ፒዲኤፍ አድርገን ተማሪው ራሱ ገጽ በገጽ ያየዋል። ኤችፒ 1102 ፕሪንተር ያላችሁ ደግሞ ከኩባንያው ተጨማሪ ፕለጊን ማውረድ አለባችሁ፣ እሱ ኦፕን ሶርስ አይደለም። ሌላ አማራጭ ስላልነበረኝ ተቀብዬዋለሁ።

ፋይል መቀበያችን ቴሌግራም ነበር። የቴሌግራም መደበኛ ቻት ከጫፍ ጫፍ፣ ማለትም ከላኪና ከተቀባይ በቀር ማንም እንዳያነበው ሆኖ፣ የተመሰጠረ አይደለም፣ ሰርቨር ላይ ይቀመጣል። የሱቁ አካውንት ውስጥ የከተማው ሰው መታወቂያ ተከማችቶ ነበር ማለት ነው። አሁን በአንድ ቀን ራሱ እንዲጠፋ አድርገነዋል። ለሱቁ ዋይፋይ ቅርብ የሆነ ሰው ደግሞ በሎካልሴንድ ይልካል፦ ኦፕን ሶርስ ነው፣ ፋይሉ ከስልኩ ወደ ኮምፒውተሩ በቀጥታ ይገባል፣ በኢንተርኔት አያልፍም። ደንበኞቼን ያሳመነው ስለ ምስጢር የተናገርኩት ሳይሆን «ፓኬጅ አይበላም» የሚለው ነው። በየትኛውም ይሳቡ፣ ይሁን።

«ምን የሚደበቅ ነገር አለ?» የሚሉኝ ባልደረቦች አሉ። ይህን የሚል ሰው የቀለብ ማመልከቻ አጽፎ አያውቅም። የግል ዳታ ጥበቃን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላ ደግሞ ጉዳዩ የደግነት ብቻ አይደለም።

አሁን የቀረኝ ትልቁ ኮፒ ማሽን ነው። እንደነዚህ ያሉ ብዙዎቹ ማሽኖች ውስጣቸው ሃርድ ዲስክ አለ፣ ኮፒ የተደረገውንና ስካን የተደረገውን ምስል ሊይዝ ይችላል። አዲስ አበባ ላይ ያገለገለ ማሽን ገዝታችሁ ከሆነ የሌላ መሥሪያ ቤት ሰነድ አብሮ መጥቶ ሊሆን ይችላል። ቅንብሩ ውስጥ ዲስክ ማጽጃ ካለው አሠሩት። የእኔን የምሸጥበት ቀን ሲመጣ ዲስኩ ተፈቶ እኔ ጋ እንደሚቀር ለገዢው አስቀድሜ ነግሬዋለሁ፣ ዋጋውንም በዚያው ልክ ቀንሰን ተስማምተናል።