አምስተኛው ጥንድ፦ ባሮክ ጊታር ስማር ዓመት የበላብኝ ስህተት

ይህን የምጽፈው ለእኔ የነገረኝ ሰው ስላልነበረ ነው። ባሮክ ጊታር ከጀመርኩ በኋላ ዓመት ከሁለት ወር ሙሉ የ17ኛው ክፍለ ዘመን ስፔናዊ ጊታሪስት የጋስፓር ሳንስን ሙዚቃ በተሳሳተ አውታር ተጫወትኩ። ጣቴ ልክ ነበር። ቁጥሩንም በትክክል አነብ ነበር። የተሳሳተው የጊታሩ አምስተኛ ጥንድ ነው። እሱን ደግሞ ምንም ያህል ልምምድ አያስተካክለውም።

መሣሪያውን ለማታውቁት፣ ባሮክ ጊታር ከዛሬው ጊታር አነስና ቀለል ይላል። ስድስት ነጠላ አውታር ሳይሆን አምስት ጥንድ አለው። የመጀመሪያው ብዙ ጊዜ ነጠላ ስለሚሆን ዘጠኝ አውታር ይሆናል ማለት ነው። ፍሬቱ፣ ማለትም ጣት የሚያርፍበትን ቦታ የሚለየው መስመር፣ አንገቱ ላይ ዞሮ የታሰረ አንጀት ነው። አውታሩም እንደ በገና ከአንጀት ይሠራል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ስፔንን፣ ጣሊያንንና የፓሪስን ቤተ መንግሥት የያዘው ይህ ጊታር ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ነገሮች ቀላል ነበሩ። ጀርመን በምኖርበት ከተማ ያገለገለ ጊታር ገዛሁ። ጥፍሬን ቆረጥኩ። ቅኝቱን ከዛሬው በግማሽ ድምፅ ዝቅ አደረግኩት። የጣሊያን ታብላቸር፣ ማለትም አውታሩን በመስመር ፍሬቱን በቁጥር የሚያሳየው አጻጻፍ፣ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። የላይኛው መስመር አምስተኛው ጥንድ ስለሆነ መጀመሪያ የተገለበጠ ይመስላል። ጊታሩን ጭናችሁ ላይ አድርጋችሁ ቁልቁል ስታዩት ግን አውታሮቹ ልክ እንደዚያ ናቸው።

ቀኝ እጅም አላስቸገረኝም፤ ልጅ ሆኜ ክራር ነክቻለሁ። ክራር ላይ ግርፍና ድርድር እንዳለ ሁሉ እዚህም ራስጌያዶና ፑንቴያዶ አለ። መጀመሪያ የገነነው ግርፉ ነው። ካታላናዊው ሐኪም ሁዋን ካርሎስ አማት እ.ኤ.አ. በ1596 ያሳተመው መጽሐፍ ኮርድና ግርፍ ነው የሚያስተምረው። በ1606 ጣሊያናዊው ሞንቴሳርዶ ኮርዶቹን በፊደል የሚያሳይ መጽሐፍ አወጣ። አልፋቤቶ ይባላል። እዚህ ላይ ጊታሪስት ሁሉ ይሳሳታል፤ «ኤ» የሚለው ፊደል የላ ኮርድ አይደለም፣ ሶል ሜጀር ነው። «ቢ» ደግሞ ዶ ሜጀር። ፊደሉ የጣት አቀማመጥ ስም እንጂ የድምፅ ስም አይደለም። ከ1630 ገደማ ጀምሮ እነ ፎስካሪኒ ግርፉንና ድርድሩን አንድ ላይ ቀላቀሉት። ኮርቤታ በ1671 ለእንግሊዙ ንጉሥ ለቻርልስ ሁለተኛ ያቀረበው መጽሐፍ ላይ ይህ ቅልቅል በጣም ያምራል።

ወደ ችግሬ ልምጣ።

ጊታሩን የሸጠልኝ ሰው አራተኛውና አምስተኛው ጥንድ ላይ አንድ ቀጭንና አንድ ዝቅ ብሎ የሚጮህ ወፍራም አውታር አስሮ ሰጠኝ። «ይሄ ለሁሉም ይሆናል» አለኝ። አመንኩት። ስድስት ወር ያስተማረኝ መምህርም አይቶታል፣ ምንም አላለም። እንዲያውም ታብላቸሩን ተወውና ወደ ዘመናዊ ኖታ በተገለበጠው ተጫወት አለኝ። ዛሬም ሳስበው ያናድደኛል። የተገለበጠው ኖታ ላይ የአምስተኛው ጥንድ ድምፅ ሁሉ ታች ነው የተጻፈው። ጆሮዬም ያንን ለምዶ ነበር። ብዙዎቻችን ሳንስን ያወቅነው ስፔናዊው አቀናባሪ ሮድሪጎ በ1954 ለጊታሪስቱ ሴጎቪያ የሳንስን ዜማዎች ይዞ በጻፈው ሥራ ነው፤ እዚያ የምንሰማው የዛሬው ጊታር ነው፣ ሙሉ ቤዝ ያለው።

ካናሪዮስ የሚባለውን የሳንስን የዳንስ ሙዚቃ ያዝኩ። በየቀኑ ከሥራ መልስ አንድ ሰዓት። ግርፉ ሲመጣ ደስ ይላል። ዜማው ሲሮጥ ግን መሀል ላይ አንድ ወፍራም ድምፅ ዘው ይላል። እጄ ነው ብዬ አውራ ጣቴን አለሰለስኩ። ሻጩ ወፍራሙን አውታር በአውራ ጣት በኩል ስላሰረው መጀመሪያ የሚመታው ሁልጊዜ እሱ ነበር። ፍጥነት ቀነስኩ። አቀማመጥ ቀየርኩ። ሁለት ጊዜ ተስፋ ቆርጬ ጊታሩን ሳጥኑ ውስጥ ከትቼዋለሁ።

ከዚያ በጋ ላይ ስፔን ውስጥ አጭር ኮርስ ገባሁ። መምህሯ ትንሽ እንደሰማችኝ አስቆመችኝና አምስተኛው ጥንድ ላይ ምን አውታር እንዳለ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ዝም ብላ ሳንስ በ1674 ሳራጎሳ ያሳተመውን መጽሐፍ ቅጂ ከፈተችና መጀመሪያው አካባቢ አንድ አንቀጽ ላይ ጣቷን አሳረፈች። ሳንስ ራሱ ጽፎታል። ሮም ያሉ መምህራን በሙሉ ቀጭን አውታር ያስራሉ፤ አራተኛውም አምስተኛውም ላይ ወፍራም የለም። ስፔን ውስጥ ወፍራም ያስራሉ። ለሞቀ ግርፍና ለአጃቢነት ወፍራሙ ይሻላል፤ ለስላሳ ድርድርና ካምፓኔላ፣ ማለትም ድምፆቹ እየተደራረቡ የሚወጡበትን አጨዋወት፣ ለሚፈልግ ግን ቀጭኑ ነው።

ያ መጽሐፍ ኮምፒውተሬ ላይ ዓመቱን ሙሉ ነበር! ስፓኒሽ ስለማልችል ጽሑፉን ዘልዬ ወደ ቁጥሮቹ ነበር የምሄደው። አንድ ሰው እንዲያነብልኝ እንኳ አልጠየቅኩም። በሻጩም በመምህሩም እናደዳለሁ፣ ከሁሉም በላይ ግን የሚቆጨኝ ይሄ ነው።

ሴትዮዋ ከቦርሳዋ ቀጭን አውታሮች ሰጠችኝ። ቀይሮ መቃኘት አንድ ሰዓት ሊሞላ ምንም አልቀረውም፤ አንጀት ሲታሰር እየተለጠጠ ቅኝቱ ይወርዳል። ሲረጋልኝ እንዲህ ተጫወትኩ። ሦስተኛውን ክፍቱን፣ ሶል። አምስተኛውን ክፍቱን፣ ላ። ሁለተኛውን ክፍቱን፣ ሲ። አምስተኛውን ሦስተኛ ፍሬት ላይ፣ ዶ። አራተኛውን ክፍቱን፣ ሬ። አንደኛውን፣ ሚ። ጣቴ ወዲያና ወዲህ ይዘላል፣ ዜማው ግን በተራ ይወጣል። አንዱ ድምፅ ሳይጠፋ ሌላው ይደርብበታል፤ እንደ ትናንሽ ደወሎች። ካምፓኔላ ማለትም ትንሽ ደወል ነው። በድሮው አስተሳሰሬ ላ እና ዶ ሲደርሱ ከሥር ወፍራም ጥላ ይከተላቸው ነበር። ዓመት ሙሉ እጄን ስወቅስ የከረምኩት በዚህ ነው። እዚያው ክፍል ውስጥ እንባዬ መጣ።

ስለዚህ ምክሬ ይኸው። «ለሁሉም ይሆናል» የሚባል አስተሳሰር አትቀበሉ። ለሳንስ ሁሉንም ቀጭን እሰሩ። ለሮበርት ደ ቪሴ፣ ማለትም በ1682 ለፈረንሳዩ ንጉሥ ለሉዊ 14ኛ ላቀረበው መጽሐፍ፣ አራተኛው ላይ ብቻ ወፍራም ጨምሩ። ወደ ዘመናዊ ኖታ የተገለበጠ ሳንስ አትግዙ፣ ማንም ቢመክራችሁ። ታብላቸሩ የትኛውን አውታር እንደምትነኩ ይነግራችኋል፣ የተገለበጠው ግን ያንኑ ነው የሚደብቀው። መምህራን በደ ቪሴ ድርድር ጀምሩ ይላሉ። እኔ አልስማማም። መጀመሪያ ሦስት ወር ቻኮናና ፓሳካሌ የሚባሉትን በተደጋጋሚ ኮርድ የሚሄዱ ሥራዎች ግረፉ። ቀኝ እጅ ያልለመደ ሰው ድርድሩ ይደርቅበታል። ክራር ተጫዋች ከሆናችሁ ደግሞ አትፍሩ፣ ግማሹ እጃችሁ ላይ አለ።

አሁን የስፔናዊውን ጊታሪስት የሳንቲያጎ ደ ሙርሲያን ሥራዎች ይዣለሁ፤ በ1943 ሜክሲኮ ውስጥ ከተገኘው የእጅ ጽሑፍ። ወፍራሞቹ ሁለት አውታሮች ሳጥኑ ኪስ ውስጥ ተጠቅልለው አሉ። የአራተኛውን ለደ ቪሴ ስል አንዳንዴ አወጣዋለሁ። የአምስተኛውን ግን ከዚያ በጋ ወዲህ ነክቼው አላውቅም።